በተማሪ እጅ የሚታከም ሕዝብ

የጥናት ትምህርት ለማኅበረ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

የሚነበብ፦ ዘጸአት 18፥13-26፤ ማርቆስ 6፥7-13 እና 30-31፤ ማርቆስ 9፥14-29



በቆሰበር ወይም በዳንግላ ሕመምተኛ ለመጠየቅ ወደ ሆስፒታል የገባ ሰው፣ ነጭ ጋዋን የለበሱና ማስታወሻ የያዙ ወጣቶች አንዱን አልጋ ከበው ሲቆሙ ብዙ ጊዜ ያያል። እነዚህ ለተግባር ልምምድ የተመደቡ የጤና ተማሪዎች ናቸው። ከሕመምተኞች አንዳንዱ «እኛ መማሪያ ሆንን እንዴ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሌላው ደግሞ እንቢ ማለት የሚቻል ስለማይመስለው ዝም ይላል። ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በስፔሻሊስት ይታያል። ስለዚህ የድኻው ቅሬታ መሠረት የለውም ማለት አንችልም።

ይሁን እንጂ ሌላም እውነት አለ። ሕክምና በመጽሐፍ ብቻ አይለመድም። ዛሬ የምንተማመንበት የሐኪም እጅ ሁሉ አንድ ቀን የተማሪ እጅ ነበረ። ተማሪው ወደ አልጋው እንዳይቀርብ ብንከለክል ነገ ልጆቻችንን የሚያክም ሰው አናገኝም። እንግዲህ በዚህ ትምህርት የምንመረምረው፣ ተማሪው እንዲማር፣ ሕመምተኛውም እንዳይበደል ምን ያስፈልጋል? የሚለውን ጥያቄ ነው።

1. ሥራን ማካፈል የቆየ ጥበብ ነው

ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አየውና ይህ አሠራር አንተንም ሕዝቡንም ያደክማል ብሎ መከረው። ከባዱ ነገር ወደ ሙሴ እንዲመጣ፣ ቀላሉን ግን የተመረጡ ሰዎች እንዲፈጽሙት ሆነ። በዮቶር ምክር ውስጥ ማስተማር ከሹመት በፊት መጠቀሱን ልብ እንበል።

በአገራችንም ሐኪሞች እጅግ ጥቂት በነበሩበት ዘመን እንደዚሁ ተደረገ። በጣና ዙሪያ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ተከፈተ። መንግሥት ይህን ያደረገው ከአሜሪካው የፖይንት ፎር ዕርዳታ፣ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ተባብሮ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። የጤና መኮንን በጤና ጣቢያ ሕመምተኛ ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ወላድ ይረዳል፣ የክትባትንና የአካባቢ ንጽሕናን ሥራ ይመራል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ይልካል።

በአሜሪካ የዚህ ቅርብ ዘመድ «የሐኪም ረዳት» የሚባለው ሙያ ነው። ይህንን ትምህርት ዶክተር ዩጂን ስቴድ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ተማሪዎች በባሕር ኃይል በሕክምና ያገለገሉ ሰዎች ነበሩ። የጎንደር ኮሌጅ ከዚያ በፊት አሥር ዓመት ያህል ሠርቷል። ልዩነቱ፣ የአሜሪካው ረዳት ከሐኪም ጋር ተቀናጅቶ ሲሠራ የእኛ የጤና መኮንን ግን ብዙ ጊዜ ሐኪም በሌለበት ገጠር ራሱ ወሳኝ መሆኑ ነው። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ በሚገባ ያልተማረ እንደ ሆነ፣ በኋላ ስሕተቱን አይቶ የሚያርመው ሰው አጠገቡ ላይኖር ይችላል።

የጤና መኮንኖች ትምህርት ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ እንደገና ተጀመረ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ 5,000 የጤና መኮንኖችን ለማፍራት የተፋጠነ ሥልጠና ሲታወጅ፣ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር 20 ያህል ሆስፒታሎች የማሠልጠኛ ቦታ ሆኑ። ትምህርቱ ከታላላቅ ከተሞች ወጥቶ ወደ እኛ ዓይነት ሆስፒታሎች የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

2. የልምምዱ ወራት

ተማሪው የሰውነትን አሠራር፣ የበሽታን ምክንያትና የመድኃኒትን ጠባይ በክፍል ከተማረ በኋላ ወደ ሕሙማን ክፍሎች በዙር ይመደባል። ተማሪዎች ራሳቸው «አታችመንት» ይሉታል። ዋናዎቹ ክፍሎች አራት ናቸው፦ የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት ሕክምና፣ እንዲሁም የማኅፀንና የጽንስ ሕክምና። ጥዋት በሚደረገው ስብሰባ ሌሊት ተረኛ የነበረው የገቡትን ሕመምተኞች ጉዳይ ያቀርባል። ቀጥሎ ከመምህሩ ጋር አልጋ ለአልጋ ይዞራሉ። ተማሪው የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ የመሰለውን ይናገራል፤ መምህሩም ያርመዋል።

በማዋለጃ ክፍል ለምሳሌ የምጡን ሂደት ፓርቶግራፍ በሚባል ሠንጠረዥ ላይ ይከታተላል። የሕፃኑን የልብ ትርታ በየግማሽ ሰዓቱ ያዳምጣል፤ የማኅፀን በር ምን ያህል እንደ ተከፈተ በየአራት ሰዓቱ ይመዘግባል። ምልክቱ ከተወሰነው መስመር ካለፈ ራሱን ለማስመስከር አይሞክርም፤ ፈጥኖ ኃላፊውን ይጠራል። መጥራትን ማወቅ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከዚህም በላይ ከነርስ፣ ከአዋላጅና ከላቦራቶሪ ተማሪዎች ጋር በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ የሚወጣበት ጊዜ አለ። በዚያ ሕመምተኛ ከማከም ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ ውኃውን፣ መጸዳጃውን፣ የልጆችን ክትባት ያጠናሉ። ይህ የቡድን ሥልጠና የጎንደርና የጅማ ትምህርት ቤቶች የሚታወቁበት ነው።

3. ከአንድ እግር የሚገኝ ትምህርት

ከቆሰበር ዙሪያ ገጠር አንዲት እናት ሁለቱም እግራቸው አብጦ መጡ እንበል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። እርግማን ነው፣ ይጋባል እያለም ከሠርግና ከማኅበር ያርቃቸዋል። ተማሪው እግር የሚያሳብጠው ብዙ ነገር መሆኑን አንብቧል፤ ልብም፣ ኩላሊትም፣ በቆላ ትንኝ የምታስተላልፈው የፊላሪያ ትልም ሊሆን ይችላል። መምህሩ «ጠይቃቸው» ይለዋል። የት አደጉ? እብጠቱ የጀመረው ከየት ነው? ጫማ ማድረግ የጀመሩት መቼ ነው? እርሳቸውም ከልጅነት ጀምረው በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር እንደ ሠሩ፣ እብጠቱም ከጣት ጀምሮ ወደ ላይ እንደ ወጣና ከጉልበት እንዳላለፈ ይነግሩታል።

ተማሪው አሁን ያወቀው በሽታ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከመጣ ቀይ አፈር ጋር ያለውን ግንኙነት በስፋት አጥንቷል። በአንዳንድ ቤተሰብ ተጋላጭነቱ ቢበረታም፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጫማ ከልጅነት ጀምሮ ይከላከለዋል። ለታመመውም እግሩን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ጫማ ማድረግ ብዙ ይረዳል።

ከዚያም ተማሪው ጎንበስ ብሎ የእኚህን እናት እግር ያጥባል። ጎረቤት የሸሸውን እግር በእጁ የያዘ ወጣት በዚያች ሰዓት ከበሽታው ስም የበለጠ ነገር ይማራል። የጌታችንን ምሳሌ የምናውቅ ሁሉ ይህ ምን እንደ ሆነ አንስተውም።

4. ሕመምተኛው ይቀድማል

ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ያስተማረው በቃል ብቻ አይደለም። ሁለት ሁለት አድርጎ ላካቸው፤ ሲመለሱም የሠሩትን ሁሉ ነገሩት፤ መድከማቸውንም አይቶ ዕረፍት እንዲያደርጉ ወሰዳቸው። መላክ፣ ሪፖርት መቀበልና ማሳረፍ ሦስቱም የመምህሩ ሥራ ሆኑ።

በማርቆስ 9 ግን ያልተሳካ ቀን እናያለን። አንድ አባት የታመመ ልጁን ወደ ደቀ መዛሙርቱ አመጣ፤ እነርሱም አልቻሉም። ሕዝቡ ከብቦ ይመለከት ነበር፤ ጻፎችም ይከራከሩ ነበር። ጌታ በመጣ ጊዜ ያደረገውን በቅደም ተከተል እንመልከት። ልጁን ወደ እርሱ እንዲያመጡት አዘዘ። ሕመሙ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ አባቱን ጠየቀ። ልጁን ፈወሰው። ደቀ መዛሙርቱ ለምን እንዳልቻሉ የጠየቁትና መልስ ያገኙት ከዚያ በኋላ፣ በቤት ለብቻቸው ሆነው ነው። ሕመምተኛው እስኪድን ትምህርቱ ቆየ፤ ሲደርስም ተማሪዎቹን በአደባባይ በማያዋርድ መንገድ ተሰጠ። ተማሪ ለሚቀበል ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት የለም።

5. ሳይማር ያስተማረ ሕዝብ

የተማሩ ሰዎች «ሳይማር ያስተማረን ሕዝብ» ሲሉ የገበሬውን ግብር ያስባሉ። በሆስፒታል ግን ይህ አነጋገር ቃል በቃል ይፈጸማል። ፊደል ያልቆጠሩት እናት በእግራቸው፣ በምጣቸው፣ በሳላቸው ያስተምራሉ። መምህር ከሆኑ ደግሞ የመምህር ክብር ይገባቸዋል።

ይኸውም ቢያንስ አራት ነገር ነው። ተማሪው ተማሪ መሆኑን አስቀድሞ ይናገር፦ «እማማ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ መምህሬ አብሮኝ አለ፤ ልመርምርዎት ይፈቅዱልኛል?» ሕመምተኛው እንቢ ቢል ሕክምናው አይጓደልበት፣ ፊትም አይነሣው። ኃላፊ ባለሙያ በሌለበት ተማሪ ብቻውን አይተው። ገላ ሲገለጥ መጋረጃ ይኑር፤ የተሰማው ምሥጢርም ከክፍሉ አይውጣ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚለው ተረት በአልጋው አጠገብ ቦታ ሊኖረው አይገባም።

6. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ምእመናን ብዙ ማድረግ ይችላሉ። ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የተመደቡ ተማሪዎች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ጥሩ ማደሪያ ይቸገራሉ፤ በሚታመን ቤተሰብ ዘንድ ክፍል ማዘጋጀት ታላቅ አገልግሎት ነው። ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ አዊኛ አያውቅም፤ አረጋውያን ደግሞ ሕመማቸውን የሚናገሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። ምሥጢር የሚጠብቅ አስተርጓሚ ቢገኝ ሁለቱንም ይረዳል። የሕመምተኛ ልጅ ወይም ጎረቤት እንዲያስተረጉም ማድረግ ግን ብዙ ነገር ያስደብቃል።

የፕሮጀክት ሠራተኞችም ዕቅድ ስናወጣ ስለ መድኃኒትና ስለ አልጋ ብቻ አናስብ። መጋረጃ፣ ጓንት፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ፣ የተረኛ ማረፊያ ክፍል ተማሪውንም ሕመምተኛውንም ይጠብቃሉ። ተማሪ እንዲላክ ከመጠየቃችን በፊት የሚቆጣጠረው ባለሙያ መኖሩን እናረጋግጥ። መምህር የሌለው ተማሪ መቀበል ዕርዳታ መስሎ ጉዳት ይሆናል።

ለውይይት

1. ዮቶር ለሙሴ የሰጠው ምክር በወረዳችን የጤና አገልግሎት እንዴት ይታያል?
2. በማርቆስ 9 ጌታ መጀመሪያ ወደ ማን ዞረ? ደቀ መዛሙርቱን ያስተማረውስ የትና መቼ ነው?
3. በቤታችን ያለ ሕመምተኛ በተማሪ ሊመረመር ቢሆን ምን ልንጠይቅ ይገባናል?
4. በአጥቢያችን እግራቸው ያበጠ ሰዎች በጉባኤያችን መካከል ይቀመጣሉ ወይስ በዳር?

ለጸሎት

ሌሊት ተረኛ ሆነው ለሚደክሙ ተማሪዎች፣ በትዕግሥት ለሚያርሟቸው መምህራን፣ ይልቁንም ሰውነታቸውን ለትምህርት ለሚፈቅዱ ሕሙማን እንጸልይ። እግዚአብሔር ከመካከላቸው ለነገ የሚያስፈልጉንን ታማኝ እጆች ያስነሣልን። አሜን።