አመዛዛኝ ድርሰት፦ የደራሲ መብትና የዕውቀት መስፋፋት

አመዛዛኝ ድርሰት አንድን ጉዳይ ከሁለት ወገን መርምሮ ፍርድ የሚሰጥ የድርሰት ዓይነት ነው። ጸሐፊው የሁለቱንም ወገን ምክንያት ሳያዛባ ያቀርባል፤ ከዚያም የራሱን አቋም በማስረጃ አስደግፎ ይገልጻል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

አንድ ደራሲ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ዓመታት ይደክማል። መጽሐፉ ግን በታተመ ማግሥት ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በኢንተርኔት ሊሠራጭ ይችላል። ያን ጊዜ ደራሲው የድካሙን ዋጋ ያጣል፤ ሁለተኛ መጽሐፍ ለመጻፍም አቅም ያንሰዋል።

በሌላ በኩል፣ ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ቀበሌ የሚኖር ተማሪ ያንኑ መጽሐፍ ሊያገኝ የሚችለው በኢንተርኔት ብቻ ይሆናል። ዕውቀት ሁሉ በገንዘብ ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ ድኻው ከትምህርት ገበታ ይርቃል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። የእንግሊዝ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1710 ባወጣው ሕግ አዲስ መጽሐፍ የማሳተም መብት ለ14 ዓመት እንዲጠበቅ፣ ደራሲው በሕይወት ካለም ለሌላ 14 ዓመት እንዲቀጥል ወሰነ። ጊዜው ሲያልፍ መጽሐፉ የሁሉም ይሆናል። በኢትዮጵያም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በዕድሜ ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ አዋጁ የሚጠብቀው የደራሲውን አገላለጽ እንጂ ሐሳቡን አይደለም፤ ሐሳቡን ማንም ተረድቶ በራሱ ቃል ሊጽፈው ይችላል።

ሆኖም የዛሬው ተማሪ 50 ዓመት መጠበቅ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2002 የቀረቡት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ለዚህ አንድ መንገድ ከፍተዋል። በእነዚህ ፈቃዶች ባለመብቱ ስሙ እየተጠቀሰ ሥራው በነጻ እንዲባዛ አስቀድሞ ይፈቅዳል። ስለዚህ በሕዝብ ገንዘብ የተዘጋጀ መጽሐፍና ጥናት ለሕዝብ በነጻ ሊከፈት ይገባል፤ ደራሲው በራሱ ወጪና ድካም ያዘጋጀው ግን በፈቃዱ ብቻ ይባዛ።

ማስታወሻ

«በሌላ በኩል»፣ «ይሁን እንጂ» እና «ሆኖም» ተቃራኒ ሐሳቦችን ያያይዛሉ። «ስለዚህ» ከምክንያት ወደ ድምዳሜ ያሻግራል። አያያዡ ያለ ቦታው ከገባ ክርክሩ ይፋለሳል።

መልመጃ

1. የምንባቡን የመጀመሪያና የሁለተኛ አንቀጽ ዋና ሐሳብ በየአንዳንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

2. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች «ምንም እንኳ . . . ም» በሚለው አያያዥ አጣምሩ።
ምሳሌ፦ መጽሐፉ በኢንተርኔት ይገኛል። የማባዛት ፈቃድ የለውም።
ምንም እንኳ መጽሐፉ በኢንተርኔት ቢገኝም፣ የማባዛት ፈቃድ የለውም።
ሀ. ደራሲው ሞቷል። መብቱ አልተቋረጠም።
ለ. ሐሳቡ ለሁሉም ክፍት ነው። አገላለጹ የደራሲው ነው።

3. ከምንባቡ አንድ አንቀጽ መርጣችሁ ሐሳቡን ሳትለውጡ በራሳችሁ ቃል ጻፉ።

4. ጓደኛችሁ ከኢንተርኔት የገለበጠውን ድርሰት የራሱ አስመስሎ ለመምህሩ ሰጠ እንበል። የእርሱን ምክንያትና የደራሲውን መብት አመዛዝናችሁ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።