ጣትም ያነባል

«ያልተማረ ሰው ዓይን እያለው አያይም» ሲባል ሰምታችኋል። ፊደል ሳትቆጥሩ በፊት የግብር ደረሰኝ ስትቀበሉ ሌላ ሰው ነበር የሚያነብላችሁ። ዛሬ ራሳችሁ ታነባላችሁ። ዓይኑ የማያይ ልጅስ? እሱም ማንበብ ይችላል። እንዴት እንደሚችል እንመልከት።

ስድስት ነጥብ

ሉዊ ብሬል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1809 በፈረንሳይ ገጠር ተወለደ። አባቱ ኮርቻ ሠሪ ነበር። ልጁ በ3 ዓመቱ በአባቱ መሣሪያ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ ወደ ሌላው ዓይኑ ተዛመተና ሁለቱም ጠፉ። ወላጆቹ ግን ቤት አላስቀሩትም፤ ከመንደሩ ልጆች ጋር ትምህርት ቤት ላኩት። በ10 ዓመቱ ፓሪስ ከተማ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። 15 ዓመት ሲሆነው በጣት ተዳብሶ የሚነበብ ጽሕፈት አወጣ። ጽሕፈቱ በስሙ ብሬል ይባላል።

ይሄን ለመረዳት ስድስት ባቄላ ውሰዱ። ሦስቱን በግራ፣ ሦስቱን በቀኝ ወደ ታች ደርድሩ። ብሬል እንዲህ ነው። ከስድስቱ ነጥቦች አንዳንዱ ወረቀቱ ላይ ጉብ ይላል፣ አንዳንዱ ይቀራል። በዚህ ዓይነት 63 ልዩ ልዩ ምልክቶች ይወጣሉ። የቀኙን ሦስት ባቄላ አንሡ። የቀረው የግራው ሦስት ባቄላ «ል» ነው። በአማርኛ ብሬል መጀመሪያ የፊደሉ ምልክት፣ ቀጥሎ የድምፁ ምልክት ይጻፋል። ስለዚህ «ለሚ» በእኛ ጽሕፈት ሁለት ፊደል ሲሆን በብሬል አራት ምልክት ነው።

ሲጻፍ ወፍራም ወረቀት መስኮት መስኮት ባለው ሰሌዳ ውስጥ ይገባና በትንሽ መውጊያ ይወጋል። የተወጋው በጀርባው ጉብ ስለሚል ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል።

የአገራችን ልጅ

የትነበርሽ ንጉሤ በ1974 ዓ.ም. በወሎ፣ አማራ ሳይንት ተወለደች። በ5 ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ። ቤተሰቦቿ ሻሸመኔ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ወሰዷት። እዚያ ብሬል ተማረች። ዓይኔ ባይጠፋ ኖሮ ያለ ዕድሜዬ እዳር ነበር ብላ ተናግራለች። በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች። ለአካል ጉዳተኞች መብት በመሟገቷም በ2010 ዓ.ም. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች።

እኛስ ምን እናድርግ?

«አገራችን ገደላም ነው፣ ልጄ ጀማ ሸለቆ ይገባብኛል» የሚል ወላጅ ይኖራል። ስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን ልጁ ዱላ ይዞ፣ ከእኩያው ጋር እየሄደ መንገድ ይለምዳል። በቄስ ትምህርት ቤትም ዓይነ ስውራን በጆሯቸው ሰምተው፣ በቃላቸው ይዘው መምህር ሆነዋል። ቤት የተቀመጠ ልጅ ግን ከገደሉ ቢድን ከድንቁርና አይድንም። ወላጁ ሲያረጅ ማን ይመራዋል?

1. ልጁን እንደ ወንድሞቹና እንደ እህቶቹ በጊዜው አስመዝግቡ።
2. መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ጠይቁ። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም።
3. የብሬል ሰሌዳ፣ ወረቀትና አስተማሪ እንዲገኝ የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ብሬል የሚያውቅ መምህር በየትምህርት ቤቱ የለም። ስለዚህ አንድ ወላጅ ብቻውን ከሚለምን ሰፈሩ አብሮ ይጠይቅ።
4. ዛሬ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብ የእጅ ስልክ አለ። ስልክ ያለው ሰው ያሳየው፤ ነገር ግን ስልክ ፊደልን አይተካም።

ይሄ ልመና አይደለም፣ መብት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዓለም ስምምነትም የመማር መብታቸውን ያጸናል።

ደረሰኙን ሌላ ሰው ሲያነብላችሁ የነበረውን ስሜት ታውቁታላችሁ። ያን ስሜት ዕድሜ ልኩን እንዲሸከም በልጅ ላይ አትፍረዱ።

ጥያቄዎች

1. ብሬል ስንት ነጥብ አለው?
2. ብሬል ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሆነው ለምንድን ነው?
3. በሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ያልገባ አካል ጉዳተኛ ልጅ አለ? ምን እንደምታደርጉለት ተወያዩ።