ወርቁ እስኪወጣ ድረስ

ክርስቲያን ከእምነቱ ስለሚወድቅበት መንገድ ሲነሳ ቶሎ የሚታሰበን ማተቡን በጥሶ የካደ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ወርቅ በሚቆፈርባት በዲማም ቢሆን ብዙ አይደለም። የሚበዛው ቀጠሮ የሰጠው ነው። “ወርቁ ይውጣ እንጂ ንስሐ እገባለሁ” ይላል አንዱ። ሌላው “ዕዳዬን ልጨርስና ወደ ጉባኤ እመለሳለሁ” ይላል። ወንድሙ የተገደለበት ደግሞ “አገር ሰላም ሲሆን ያኔ ይቅር እላለሁ” ይላል። ማናቸውም እግዚአብሔርን አልካዱም። ሁሉም ግን የሚያውቁትን ትእዛዝ ለነገ አሳድረውታል። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ይህንኑ ነው፦ ዓለም ምእመኑን “ካድ” የምትለው አልፎ አልፎ ነው፤ ዘወትር የምትለው “ቆይ” ነው። ለዚህ የተሸነፈ ሰው መሸነፉን ሳያውቅ ዕድሜው ያልቃል።

ዲማ ይህ በግልጽ የሚታይባት ቦታ ናት። በጋምቤላ ክልል፣ በአኙዋ ዞን፣ ከሚዛን ተፈሪ ደጋ ወደ ቆላው ሲወርዱ የምትገኝ ወረዳ ናት፤ በአኮቦ ወንዝ በኩል ከደቡብ ሱዳን ጋር ትዋሰናለች። ባለ አገሩ አኙዋ ነው። ወርቁ ደግሞ ከየአቅጣጫው ሰው ይጠራል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የሱዳን ስደተኞች ተጠልለውባታል፤ በኋላም ኦኩጎ የሚባለው የስደተኞች ጣቢያ በዚሁ ወረዳ ተከፍቷል። ስለዚህ በዲማ ብዙ ሰው ራሱን እንደ መንገደኛ ያያል። ሚስቱ፣ የንስሐ አባቱ፣ የሰፈሩ ደብር ወይም አጥቢያ፣ ማኅበሩና ዕድሩ ሌላ አገር ናቸው። ክርስትናውም አብሯቸው የቀረ ይመስለዋል። እዚህ ያለው ኑሮ መሸጋገሪያ ነው ብሎ ስለሚያምን በመሸጋገሪያው ላይ የሠራውን ከቁጥር አያስገባውም። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በጻፈው ደብዳቤ (ምዕራፍ 29) ያረመው ይህንን አሳብ ነበር። ቶሎ እንመለሳለን እያሉ ኑሮን ለሚያንጠለጥሉ ምርኮኞች ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለተማረኩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው። ትእዛዙ የመጣላቸው ባሉበት ቦታ ነው፤ አገራቸው እስኪገቡ አልተጠበቀም።

የማዘግየትን ነገር ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24 በላይ አጥርቶ የሚያሳይ ክፍል አላውቅም። ገዢው ፊልክስ ቅዱስ ጳውሎስን አስጠርቶ ሰማው። ጳውሎስ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ፍርድ ሲናገር ፊልክስ ፈራ። መፍራቱን ልብ እንበል፤ ቃሉ ነክቶታል። ሆኖም ሲመቸኝ አስጠራሃለሁ ብሎ አሰናበተው። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ አስጠርቶታል፤ ብዙ ጊዜም አነጋግሮታል። ከውጭ ላየው ሰው ስብከት የሚወድ፣ ወደ እምነት የቀረበ ባለሥልጣን ይመስላል። በልቡ ግን ከጳውሎስ እጅ ገንዘብ ይጠብቅ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ፤ ሲሻርም ጳውሎስን እንደታሰረ ትቶት ሄደ። የተመቸው ቀን አልመጣለትም። ስብከት መስማትን ከመታዘዝ ጋር አንድ አድርገን የምናይ ሁሉ ይህን ክፍል ቀስ ብለን ብናነበው ይጠቅመናል፤ ጉባኤ የማያመልጠውን ሰውም ይመለከታልና።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ የሚነሳውም በቅንነት ነው። መታገሥ በጎ ነገር አይደለም ወይ? ቅዱሳን ሁሉ ጠብቀው የለ? ልዩነቱ በሚጠበቀው ነገር ላይ ነው። ዝናቡን፣ ፈውሱን፣ ሰላሙን፣ የልጅን መመለስ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ የእርሱን ድርሻ መጠበቅ ትዕግሥት ይባላል። የተበደርኩትን መክፈል፣ የበደልኩትን ይቅርታ መጠየቅ፣ የቀጠርኩትን ሠራተኛ ዋጋ መስጠት ግን የእኔ ድርሻ ነው። ይህን እያዘገዩ ትዕግሥት ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው። ግራ የገባው ሰው “አሁን የምጠብቀው ከእግዚአብሔር እጅ ያለውን ነው ወይስ ከእኔ እጅ ያለውን?” ብሎ ራሱን ቢጠይቅ አብዛኛው ነገር ይጠራለታል።

አሁን ወደ ወርቁ እንምጣ። ባህላዊ ወርቅ ቆፋሪ ብቻውን አይሠራም። ሽርካዎች ተጠራርተው ጉድጓድ ይይዛሉ፤ የላዩን አፈር ገፈው ወርቅ አለበት ወደሚባለው ጠጠር ይወርዳሉ፤ ጠጠሩን አውጥተው ውኃ ዳር በገበቴ ያጥባሉ። ገበቴው ሲዞር ቀላሉ አሸዋ ይሄዳል፤ ጥቁሩ ከባድ አሸዋ ከታች ይቀራል፤ ከእርሱም መካከል የወርቁ ብናኝ ይታያል። ያ ደርቆ፣ ተነፍቶ፣ ትንሿ ሚዛን ላይ ይወጣል። እስከዚህ ድረስ የቆፋሪውን ዱቄት፣ ዘይት፣ አካፋና መድኃኒት ብዙ ጊዜ በዱቤ ያቀረበለት ሰው አለ፤ ሲሸጥም ለእርሱ እንዲሸጥለት ይጠበቃል። ስለዚህ ወርቁ ሚዛን ላይ ሲወጣ በዙሪያው የቆሙት ብዙዎች ናቸው፤ ሽርካው፣ ባለ ዱቤው፣ ገዢው፣ ድርሻ ያለው ባለ ቦታ፣ አገር ቤት ገንዘብ የሚጠብቅ ቤተሰብ። የቆፋሪው ክርስትና የሚፈተነው በዚህች ሰዓት ነው፤ በጣም ፈጥና ታልፋለች።

ፈተናው ከሁሉም በኩል ይመጣል። ገበቴውን የያዘው ሰው ሽርካዎቹ ሳያዩ በጥፍሩ ሥር ጥቂት ብናኝ ማስቀረት ይችላል። ገዢው ሚዛኑን በጥቂቱ ማዛባት ይችላል፤ የቀኑን ዋጋ የማያውቀውን አዲስ መጤ ከዋጋ በታች ሊከፍለው ይችላል። የዱቤ ደብተር የያዘው ያልተወሰደውን ስኳር ሊጽፍ ይችላል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 በከረጢትህ ትልቅና ትንሽ ሁለት መመዘኛ አይኑርህ የሚል ትእዛዝ አለው። በገበያ ሰው የተለመደውን ማታለል ለይቶ ያየ ሕግ ነው፤ አንዱ መመዘኛ ሲገዛ፣ ሌላው ሲሸጥ። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ደግሞ የቀን ሠራተኛ ዋጋ እስከ ነገ ጧት አንተ ዘንድ አይደር ይላል። ሕጉ ሠራተኛው ማታውኑ እንዲከፈለው ያዘዘው የድሀ እራት በነገ ስለማይበላ ነው። ለባለ ገንዘቡ አንድ ሌሊት ትንሽ ናት፤ ለሠራተኛው ልጆች ጦም ማደር ናት። መዘግየት ኃጢአት የሚሆነው የዘገየው ነገር የሌላ ሰው ሲሆን ነው።

ስለ ሰንበትና ስለ ጾም ብዙ አልልም፤ በየዐውደ ምሕረቱም በየስብከቱም ይነገራልና። አንድ ነገር ግን ላንሳ። በሰንበት የቆፈረውን ድሀ እየገሠጸ፣ በሰንበት ካስቆፈረው ባለ ገንዘብ መባውን በምስጋና የሚቀበል አገልጋይ ተግሣጹ ግማሽ ነው። የዱቤው ባለቤት “እሑድም ካልሠራችሁ እህል የለም” ካለ የሰንበቱ ጥያቄ መጀመሪያ መቅረብ ያለበት ለእርሱ ነው። ነፍስን ከሥጋ ለይቶ መምከር እንደማይገባ ቀደም ብሎም ተነግሯል፤ በ1964 ዓ.ም የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ ወንጌልን ከሰው የሥጋ ችግር መነጠል እንደማይገባ የተከራከረችው የሰውን ሙሉነት ይዛ ነው። ነፍሱን የምንመክረው ሰው ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ አለብን።

ከወርቁ የሚከብደው ደሙ ነው። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም በጋምቤላ ከተማ ብዙ አኙዋኮች ተገደሉ። በቀጣዩ ወር ዲማ ወርቅ ማውጫው አካባቢ ብዙ ሰው አለቀ፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ለወርቅ የመጡ ቆፋሪዎች ነበሩ። በሺዎች የሚቆጠሩ አኙዋኮች ድንበር ተሻግረው ወደ ፖቻላ ተሰደዱ። ከዓመታት በኋላ በተራው ከድንበሩ ማዶ ጦርነት የሸሸ ሕዝብ ወደ ዲማ መጣ፤ በኦኩጎ ከተጠለሉት መካከል ሙርሌ ከሚባለው የደቡብ ሱዳን ሕዝብ የሆኑ አሉ። የሙርሌ ታጣቂዎች ደግሞ ወደ ጋምቤላ እየዘለቁ ሰው ሲገድሉና ሕፃናት ሲወስዱ ኖረዋል፤ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም በአንድ ጥቃት ብቻ ከ200 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፣ ከ100 በላይ ሕፃናት ተወስደዋል። እንዲህ ባለ አገር “ጠላትህን ውደድ” የሚለው ትእዛዝ ከሩቅ የሚሰማ ቃል አይደለም። ውኃ ልትቀዳ የመጣች አንዲት የሙርሌ እናት ቧንቧው ዘንድ ተራ ይዛ ቆማለች፤ ከኋላዋ የቆመችው ዘመዷን የቀበረች ሴት ናት። ተራዋን ትጠብቅላት ወይስ ባልዲዋን ትግፋ?

እዚህ ላይ ስለ ይቅርታ በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል፤ በችኮላ የሚሰበክ ይቅርታ የተጎዳውን ሰው ዳግመኛ ይጎዳዋልና። ይቅር ማለት የሆነውን አልሆነም ማለት አይደለም። ገዳይ በሕግ አይጠየቅ ማለትም አይደለም። የተወሰደ ሕፃን እንዲመለስ የምትጮህ እናት ጩኸቷ ኃጢአት የለበትም። ልብ እስኪድንም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ይህኛው ከእግዚአብሔር የሚጠበቅ ድርሻ ነው። በእጃችን ያለው ሌላ ነው። እጅን ከበቀል መሰብሰብ፣ ያልገደለውን በገዳዩ ስም አለመጥራት፣ ለልጅ ጥላቻን አለማውረስ፣ ለተጠማ ውኃ አለመከልከል። እነዚህ ስሜቱ እስኪመጣ የሚቆዩ አይደሉም። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ያዘዘው ሰው ቅዳሴው እስኪያልቅ እንኳ ጊዜ አልተሰጠውም። የማስታረቅን ሥራ ለሽማግሌ፣ ለመንግሥትና ለሰላም ኮሚቴ ብቻ ትቶ “እነሱ ሲጨርሱ” የሚል ምእመን የራሱን ድርሻ ለሌላ አስረክቧል።

በቅርቡ ታሪካችን ጊዜው ሳይመች የታዘዙ አሉ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ፣ ደርግ ደጋግሞ ካሰራቸው በኋላ ወደ ታንዛኒያ የሚወጡበት ዕድል ተመቻችቶላቸው ነበር። መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ሰብከው ሲወጡ ተይዘው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታሰሩ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ እጅ ተገድለዋል። የሁለቱም አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እነዚህን አባቶች የማነሳው እኛም እንሙት ለማለት አይደለም። ልጆቿን አቅፋ ከተኩስ የሸሸች እናት ትእዛዝ አላፈረሰችም፤ እመቤታችንም ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ ተሰዳለች። ቄስ ጉዲና የቀሩት የተሰጣቸው አደራ እዚያ ስለነበረ ነው። መሸሽም መቅረትም መታዘዝ ሊሆን ይችላል፤ ወሳኙ አደራው የት እንዳለ ማወቅ ነው። የቤተሰብ አደራ ያለበት ቆፋሪ ለምሳሌ ወርቁ ሲገኝ ወደ ቤቱ የሚልከውን ሳይልክ መጠጥ ቤት ከገባ፣ ያለ ማንም አስገዳጅ ከአደራው ሸሽቷል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፈተናው የሚመጣው ወርቁ ሚዛን ላይ በወጣበት ደቂቃ ከሆነ ውሳኔው ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ሽርካዎች ጉድጓድ ከመግባታቸው በፊት ክፍፍሉን፣ የታመመ ሰው ድርሻን፣ የአሥራቱን ነገር ምስክር ባለበት ይነጋገሩ። ከዲማ ውጭ የንስሐ አባት ያለው ሰው ስልክ ይደውልላቸው፤ ወይም እዚያው ካሉ ካህን ጋር ይተዋወቅ፤ ወንጌላዊ የሆነውም እዚያ ላለው አጥቢያ መምጣቱን ያስታውቅ። የሚያውቀው የሌለበት ቦታ ላይ ሰው የማያደርገውን ያደርጋል። ጸሎቱም አጭር ይሁን እንጂ ጊዜው የተቆረጠ ይሁን፤ ጉድጓድ ከመውረድ በፊት የሚደገም አቡነ ዘበሰማያት ካልተጀመረ ረጅም ጸሎት ይበልጣል።

ያለፈውስ? ዘኬዎስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ጌታ ቤቱ በገባበት ቀን ተነሥቶ ያታለለውን በአራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ለሌላ ቀን አልቀጠረም። በወርቅ አገር ግን መመለስ የራሱ ችግር አለው፤ የተበደለው ሽርካ ጉድጓዱን ጥሎ ወደማይታወቅ አገር ሄዷል፣ ወይም ሞቷል፣ ስሙ እንኳ በቅጽል ብቻ ነው የሚታወቀው። ብዙዎች በዚህ ምክንያት የበደሉትን ነገር ይተዉታል። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፦ የወሰደውን መልሶ አምስተኛውን እጅ ይጨምርበት፤ ባለቤቱ ከሌለ ለቅርብ ዘመዱ፤ ዘመድም ከሌለ በካህኑ እጅ ለእግዚአብሔር ይሰጥ ይላል። ስለዚህ ሽርካህን ፈልገህ ካጣኸው ሚዛን ላይ የቀረበትን ግራም አስላ፤ አምስተኛውን ጨምር፤ ከየት እንደመጣ ለአገልጋዩ በግልጽ ነግረህ ለድሆች እንዲውል አስረክብ። ሙሉውን ማሟላት ካቃተህ በእጅህ ባለው ጀምር፤ የቀረውንም መጠኑን ጻፈው፤ ደብተሩንም አብሮህ ለሚሠራ ሰው አሳየው።