በሸክላ የተረፈ ድምፅ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ይህ ምሳሌ የተነገረው ስለ ጽሑፍ ቢሆንም ለዘፈንም እንደሚሠራ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ አገር፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ ቡዲ ቦልደን የሚባል ጥቁር ጥሩምባ ነፊ ነበር። የተወለደው በ1877 ነው። የጃዝ ሙዚቃ መሥራቾች ከሚባሉት አንዱ እርሱ እንደ ሆነ በዘመኑ የነበሩ ሙዚቀኞች መስክረውለታል። ነገር ግን በ1907 የአእምሮ ሕመም ስለ ጸናበት ሆስፒታል ገባ፤ እዚያው እንዳለም በ1931 ሞተ። የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ የታተመው በ1917 ሲሆን፣ ተጫዋቾቹም ነጮች ነበሩ። ስለዚህ የቦልደን ዝና እንጂ ድምፁ ለእኛ አልደረሰም።

በዚያው ዘመን በአገራችን ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በጨዋታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በ1908 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው። ለትምህርት ሄደው ሳሉም ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የዘፈን ሸክላዎች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ በ1964 ቢያርፉም፣ ሸክላዎቹ ከመቶ ዓመት በኋላ በፈረንሳይ አገር በሲዲ ታትመው ድምፃቸው ዛሬም ይሰማል።

በዚያን ጊዜ ሸክላ የሚቀረጸው ያለ ማይክሮፎን ነበር። ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ መሳይ መቀበያ ፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ ድምፁ የሚያንቀጠቅጠው መርፌም በሚሽከረከር ሰም ላይ ይጭራል። ከሰሙ የብረት ቅርፅ ይወጣና በዚያ ሸክላው ይታተማል። አንዱ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ ጨዋታ በዚህች አጭር ጊዜ መጠቃለል ነበረበት።

ይሁን እንጂ ድምፅ መቀረጹ ብቻ አይበቃም፤ የሚያሳትመው ማን እንደ ሆነም መታወቅ አለበት። በ1920 ማሚ ስሚዝ የተባለች ጥቁር ዘፋኝ ያወጣችው ሸክላ እጅግ በመሸጡ፣ ኩባንያዎች የጥቁሮችን ገበያ ተመለከቱ። በ1921 ሃሪ ፔስ የሚባል ጥቁር ነጋዴ «ብላክ ስዋን» የተባለ የራሱን የሸክላ ኩባንያ በኒው ዮርክ አቋቋመ። ኩባንያው ብዙ ሳይቆይ በ1923 ቢከስርም መንገድ ከፍቷል።

በአገራችንም በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ግን አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አወጣ። ማተሚያ በአገር ውስጥ ስላልነበረ ሸክላውን ያሳተመው በህንድ አገር ነው። እስከ 1975 ድረስም ከመቶ የሚበልጡ ሸክላዎችን አሳትሟል። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃችን በብዙው የተረፈው እንዲህ ባለው ድፍረት ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የወሎ ቦታዎች ስም ነው። እኛ የመካነ ሰላም ልጆች የዚህ ሀብት ወራሾች ነን። ባለፈው ዓመት በሰፈራችን አንድ አረጋዊ መሰንቆ መቺ ዐረፉ። የወላጆቼን ሠርግ ያደመቁት እሳቸው ነበሩ። ከማረፋቸው በፊት በነበረው በመጨረሻው ሠርግ ላይ ሁላችንም ስልክ ይዘን ነበር፤ ሙሽሮቹን ቀረጽን፣ ራሳችንንም ቀረጽን፤ ወደ እሳቸው ግን ስልኩን ያዞረ አልነበረም። በኋላ ብንፈልግ ከጭብጨባው መካከል የመሰንቆው ድምፅ ጥቂት ብቻ ተገኘ። ከጥፋተኞቹ አንዱ እኔ ነኝ።

ነጋድራስ ተሰማ ጀርመን ድረስ ሄደው ያገኙት መሣሪያ ዛሬ በኪሳችን አለ። ስለዚህ ጓደኞቼን የምለምነው ይህን ነው፤ በመጪው ክረምት እያንዳንዳችን አንድ አዛውንት ወይም አንዲት እናት ፈቅደው የሚያዜሙትን እንቅረጽ፤ ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውንና ቅኝቱን እንጻፍ፤ አንዱንም ቅጂ ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት እንስጥ። ያን ጊዜ በቃል ያለው ይወረሳል።