ላብና ልፋት

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ስትጨርሱ ምክንያትን ከምልክት ለይታችሁ ታስረዳላችሁ፤ እንደ «አላበኝ» ያሉትን ግሦች በትክክል ትጠቀማላችሁ፤ አንድን የተፈጥሮ ሁኔታ የሚያብራራ ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ሀ. ምንባብ

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

በአማርኛ ላብና ሥራ አይለያዩም። ጥሮ ግሮ የሚኖረውን ሰው «በላቡ አዳሪ» እንለዋለን፤ በጉልበቱ ሠርቶ ደመወዝ የሚያገኘውም «ወዝ አደር» ይባላል። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ በስፖርት ሜዳ ላይ እንደ መለኪያ ሲወሰድ ያሳስታል። ብዙ ተማሪዎች ከሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በኋላ ሸሚዙ የራሰውን ጓደኛቸውን «ጎበዝ»፣ ሸሚዙ የደረቀውን ደግሞ «ሰነፍ» ይሉታል። ለመሆኑ ላብ የልፋት መለኪያ ነውን?

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ የላብን ተግባር ማወቅ ያስፈልጋል። ጡንቻ ከሚጠቀምበት ኃይል ውስጥ ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። የሰውነት ሙቀት ግን በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ አንጎል በቆዳ ውስጥ ለሚገኙት፣ ቁጥራቸው ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ለሚደርስ የላብ ዕጢዎች ትእዛዝ ያስተላልፋል። ዕጢዎቹም ጥቂት ጨው ያለበትን ውሃ ወደ ቆዳ ገጽ ያወጣሉ። ይህ ውሃ ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል፤ 1 ሊትር ላብ ፈጽሞ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ከሰውነት ይወስዳል። በእንስራ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ዓይነት ነው፤ ከሸክላው የሚወዛው ውሃ እየተነነ በውስጥ የቀረውን ያቀዘቅዘዋል። እንግዲህ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው የላቡ መውጣት ሳይሆን መትነኑ ነው።

ከዚህ የተነሣ የላብን ብዛት የሚወስነው ልፋት ብቻ አይደለም። ሁለት ተማሪዎች በእኩል ፍጥነት አምስት አምስት ኪሎ ሜትር ሮጡ እንበል፤ አንደኛው ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው በደብረ ብርሃን፣ ሁለተኛው ከፍታዋ 600 ሜትር በማይሞላው በጋምቤላ። በደጋው የሮጠው ላቡ ጥቂት ነው፤ የወጣውም ሳይታይ ይተናል። በቆላው የሮጠው ግን ሸሚዙ ይጨመቃል። ልዩነቱን ያመጣው የአየሩ ጠባይ እንጂ የአንዱ ትጋት ወይም የሌላው ስንፍና አይደለም። የሰውነት ግዝፈት፣ የልብስ ዓይነትና ውርስም የላብን መጠን ይለውጣሉ። እንዲያውም ልምምድ ያዘወተረ ሯጭ ካልተለማመደው ቀድሞ ያልበዋል፤ ሰውነቱ ራሱን ማቀዝቀዝን ለምዷልና።

ላብ በበዛ ቁጥር ሥራው ይሰምራል ማለት እንዳልሆነ በመስከረም 2012 ዓ.ም. በኳታር ዋና ከተማ በዶሃ የተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና አሳይቷል። የሴቶቹ ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል በእኩለ ሌሊት ገደማ ተጀመረ። ሆኖም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር፤ አየሩም በእርጥበት ስለ ተሞላ ላብ እንደሚገባ ሊተን አልቻለም። ከተነሡት 68 ሯጮች 40ዎቹ ብቻ ሲጨርሱ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት አቋረጡ። እነዚህ ሯጮች ሰነፎች አልነበሩም፤ ላባቸው ፈሰሰ እንጂ በበቂ አላቀዘቀዛቸውም። ከስምንት ቀን በኋላ ሙቀቱና እርጥበቱ ቀለል ባለበት ሌሊት በተደረገው የወንዶች ማራቶን ኢትዮጵያዊው ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ ወጣ።

ይህን ባለማወቅ የሚደርስ ጉዳት አለ። ክብደት ለመቀነስ ሲሉ በፀሐይ ካፖርት ደርበው ወይም ላስቲክ ለብሰው የሚሮጡ ወጣቶች ይታያሉ። 1 ሊትር ላብ 1 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ክብደታቸው ወዲያው ይቀንሳል፤ የጎደለው ግን ውሃ እንጂ ስብ ስላልሆነ ሲጠጡ ይመለሳል። ከዚህም በላይ ላስቲኩ ላብ እንዳይተን ስለሚከለክል የሰውነት ሙቀት ያለ ልክ ይጨምራል፤ ይህም እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ሯጩን ቢያዞረው፣ ቢያስመልሰው ወይም ንግግሩ ቢዘባረቅ ወዲያው ሩጫውን ማስቆም፣ ወደ ጥላ መውሰድ፣ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ ማራስና ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል።

ታዲያ ልፋት በምን ይታወቃል? በልብ ትርታና በትንፋሽ ነው። እየተንቀሳቀሰ መነጋገር የሚችል፣ መዝፈን ግን የማይችል ሰው ሥራው መካከለኛ ነው፤ ከጥቂት ቃላት በላይ መናገር ያቃተው በብርቱ እየሠራ ነው። መሻሻልም የሚታየው ያንኑ ርቀት ባጠረ ጊዜ ወይም ባነሰ ድካም በመጨረስ ነው። ላብ የሚነግረን ሰውነት መሞቁንና የወጣውን ውሃ መተካት እንደሚገባን ነው።

ለ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ምንድን ነው? የእንስራው ምሳሌ ይህን እንዴት ያስረዳል?
2. በዶሃ የሴቶች ማራቶን ላብ ለምን በቂ አገልግሎት አልሰጠም?
3. «ላስቲክ ለብሼ ሮጬ አንድ ኪሎ ቀነስሁ» ለሚል ጓደኛችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?

ሐ. ሰዋስው

1. «ሮጥሁ» በሚለው ግሥ ባለቤቱ «እኔ» ነው፤ ድርጊቱን የፈጸመው ተናጋሪው ነው። «አላበኝ» በሚለው ግን ተናጋሪው ተሳቢ ነው፤ በግሡ መጨረሻ ያለችው «ኝ» ይህን ታመለክታለች። አላበህ፣ አላበሽ፣ አላበው፣ አላባት፣ አላበን፣ አላባችሁ፣ አላባቸው እያለ ይረባል። ራበኝ፣ ጠማኝና በረደኝ የዚሁ ወገን ናቸው። እነዚህ ግሦች የሚነግሩን ሰው የሚያደርገውን ሳይሆን በሰው ላይ የሚደርሰውን ነው። ቋንቋችን መሮጥን ለሰው ሥራ፣ ላብን ግን በሰው ላይ ለሚደርስ ነገር መስጠቱን ልብ በሉ።

2. «ስለ» ምክንያትን ከውጤት ጋር ያያይዛል። የሚከተሉትን አነጻጽሩ።
   ሀ) አየሩ ስለ ሞቀ አላበው።
   ለ) ስላላበው ብዙ ሠርቷል።
በ«ሀ» ከ«ስለ» ቀጥሎ የመጣው እውነተኛ ምክንያት ነው። በ«ለ» ግን ምልክቱ የምክንያትን ቦታ ይዟል፤ ላብ ያለ ብዙ ሥራም ሊመጣ ስለሚችል ድምዳሜው አይጸናም። «አልቦታል፤ ምናልባት ብዙ ሠርቶ ይሆናል» ቢባል ግን ዐረፍተ ነገሩ ይታረማል።

መልመጃ፦ የሚከተሉትን በዚሁ መንገድ አርሙ።
   ሀ) ስላላላባት አልተለማመደችም።
   ለ) መጽሐፉ ወፍራም ስለ ሆነ ብዙ ዕውቀት አለበት።
   ሐ) ድምፁ ከፍ ያለ ስለ ሆነ እውነት ተናግሯል።

መ. ድርሰት

ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንድ ቀን በማለዳ፣ ሌላ ቀን በእኩለ ቀን በእኩል ፍጥነት አሥር ደቂቃ ተራመዱ። በየጊዜው የአንድ ደቂቃ የልብ ትርታችሁን ቆጥራችሁ፣ የላባችሁንም መጠን አስተውላችሁ መዝግቡ። ከዚያም «ላብ ምን ይነግረናል?» በሚል ርእስ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ያያችሁትን፣ በሁለተኛው ምክንያቱን፣ በሦስተኛው ከዚህ ሊደመደም የሚቻለውንና የማይቻለውን ግለጹ። «ስለ»፣ «ከዚህ የተነሣ»ና «ይሁን እንጂ» የሚሉትን ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ ተጠቀሙባቸው።