«ጃኒተር» ማለት ምን ማለት ነው?



አሜሪካ ያደገ አንድ ወጣት በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ኡስታዝ፣ አባቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ጃኒተር ነው። ጓደኞቼ ሥራውን ሲጠይቁኝ ‹ለመንግሥት ነው የሚሠራው› ብዬ አልፋለሁ። ውሸት ይሆንብኛል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቃሉን እንየው። «ጃኒተር» ከላቲን የመጣ ነው። በላቲን «ያኑዋ» በር፣ «ያኒቶር» ደግሞ በር ጠባቂ ማለት ነው፤ እኛ «በረኛ» እንደምንለው። እንግሊዝኛ ውስጥ ከገባ በኋላ ቀስ በቀስ ሕንፃውን በሙሉ የሚንከባከብ ሰው መጠሪያ ሆነ። ዛሬ ቃሉን ስንሰማ መጥረጊያና ባልዲ ይታየናል። ሲነሳ ግን በሩን በአደራ የተቀበለ ሰው ስም ነበር።

ዐረብኛም ለበር ጠባቂ «ሓጂብ» የሚል ቃል አለው፤ «ሒጃብ» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። የካዕባን በር የመጠበቅ ኃላፊነት «ሒጃባ» ይባል ነበር፤ ቁረይሾች ዘንድ ትልቅ ክብር ነበር። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ መካ ስትከፈት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቁልፉን ለዑስማን ኢብን ጦልሐ (ረ.ዐ) መለሱላቸው። እስከ ዛሬም ቁልፉ በበኑ ሸይባ እጅ ነው።

«እሱማ የካዕባ ቁልፍ ነው፤ የአባቴ ግን መጥረጊያ ነው» ትለኝ ይሆናል። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን አስታውስ። መስጂድ የምትጠርግ አንዲት ሴት ነበረች። ስትሞት ሰዎች ነገሩን አቅልለው አይተው ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሳይነግሩ ቀበሯት። እሳቸው ግን ስትጠፋባቸው ጠየቁ። መሞቷን ሲሰሙም ለምን እንዳልነገሯቸው ወቀሱ፤ መቃብሯን አሳዩኝ ብለው ሄደው ሰገዱባት። ሰው ያላሰባትን ሴት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈለጓት።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። የተናገርከው ቃል ውሸት አይደለም፤ ግን አባትህን ደብቀህበታል። አንተን በሐላል ያሳደገ እጅ የሚደበቅ አይደለም። ነገ ሲጠይቁህ ቀና ብለህ «አባቴ ጃኒተር ነው» በል። ማታ ሲገባ ደግሞ እጁን ሳመው።

እኛስ? የመስጂዳችንን ኻዲም ስማቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዛሬ ከሶላት በኋላ ጫማችንን አንስተን ከመሮጣችን በፊት ሰላም እንበላቸው፣ ስማቸውን እንጠይቅ፣ ዱዓ እናድርግላቸው።

ወላሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ!