ለአነስተኛ የድምፅ መሣሪያዎች የኃይል ምንጭ ሬጉሌተር የትራንዚስተር ዓይነት መረጣ

ከአንድ ዜነር ዳዮድና ከአንድ ትራንዚስተር የሚሠራው ሬጉሌተር በድምፅ መሣሪያዎች ውስጥ ዛሬም ሥፍራውን አልለቀቀም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዜነሩ የትራንዚስተሩን ቤዝ በቋሚ ቮልቴጅ ይይዛል፣ ጭነቱም ከኤሚተሩ ይመገባል። መራጩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመለከተው በመረጃ ቅጹ ላይ የሰፈረውን ከፍተኛ ጅረት ብቻ ነው። ለ100 ሚሊአምፔር ጭነት 15 አምፔር የሚሸከመው 2ኤን3055 የሚተከለው በዚሁ የተነሣ ነው። ለእንዲህ ያለ ጭነት ግን ወሳኙ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የመስመር ቮልቴጅ ሲወርድ ትራንዚስተሩ ምን ያህል ትርፍ ቮልቴጅ ይጠይቃል?

15.3 ቮልትና 100 ሚሊአምፔር የሚፈልግ ፕሪአምፕሊፋየር ለአብነት ይወሰድ። በድልድይ ሬክቲፋየርና በ1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር የተጣራው ግብዓት ጫፉ 22 ቮልት ቢሆን፣ መስመሩ 50 ኸርዝ በመሆኑ ካፓሲተሩ በየ10 ሚሊሰከንዱ እየተሞላ ቮልቴጁ እስከ 1 ቮልት ይዋዥቃል፤ ዝቅተኛው ነጥብ 21 ቮልት ይሆናል። መስመሩ ከ220 ቮልት በ10 ከመቶ ቢወርድ፣ የዳዮዶቹ 1.4 ቮልት ሲታሰብ፣ ይኸው ነጥብ ወደ 18.7 ቮልት ይወርዳል፤ በ15 ከመቶ ቢወርድ ደግሞ ወደ 17.5 ቮልት።

ተራ ባይፖላር ትራንዚስተር ቤዙ 16 ቮልት ቢያገኝ ይበቃዋል። በ150 ሚሊአምፔር ቤታው ቢያንስ 100 የሆነው ቢዲ139-16 የሚጠይቀው የቤዝ ጅረት 1 ሚሊአምፔር ገደማ ነው፤ በ17.5 ቮልት ጊዜም 820 ኦም ሬዚስተር 1.8 ሚሊአምፔር ስለሚያሳልፍ ለዜነሩ ጥቂት ይተርፈዋል። ጠባብ ቢሆንም ይሠራል።

ሞስፌት በዚህ ሁኔታ ይሸነፋል። የአይአርኤፍ540 የመክፈቻ ቮልቴጅ ከ2 እስከ 4 ቮልት ድረስ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ስለዚህ ጌቱ ከ17.3 እስከ 19.3 ቮልት፣ በ100 ሚሊአምፔርም ከዚያ ጥቂት በላይ ይፈልጋል። መስመሩ በ10 ከመቶ ብቻ ሲወርድ 4 ቮልት የሚጠይቀው ሞስፌት ውጤቱን መጠበቅ ያቅተዋል፤ የ100 ኸርዝ ጉምጉምታም በቀጥታ ወደ ድምፁ ይገባል። ጌቱ ጅረት አለመፈለጉ ይህን አያካክሰውም።

ዳርሊንግተን የተሻለ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል፤ ስሌቱ ግን ይህን እምብዛም አይደግፍም። የአንድ ባይፖላር የኤሚተር ሬዚስታንስ በ100 ሚሊአምፔር 0.26 ኦም ነው። የዜነሩ ተለዋዋጭ ሬዚስታንስ 20 ኦም ቢሆን፣ በቤታ ተካፍሎ 0.2 ኦም ይጨምራል፤ ድምሩ 0.46 ኦም ነው። ያለ ተጨማሪ ሬዚስተር በተጣመሩ ሁለት ትራንዚስተሮች ግን የኤሚተሩ ድርሻ ስለሚታጠፍ ብቻውን 0.52 ኦም ይደርሳል፤ በዚያ ላይ 0.7 ቮልት ገደማ ተጨማሪ ይበላል። የዳርሊንግተን ጥቅም በሌላ ቦታ ነው፤ ዜነሩ ቀርቶ ሬዚስተርና ካፓሲተር ብቻ ቤዙን በሚመግቡበት ጊዜ፣ የቤዝ ጅረቱ ትንሽ በመሆኑ ሬዚስተሩን ከፍ አድርጎ ማጣሪያውን ማጠንከር ይቻላል።

ቢዲ139 ሲመረጥ የሚቀረው ጉዳይ ሙቀት ነው። መስመሩ በ10 ከመቶ ቢጨምር ትራንዚስተሩ ወደ 0.9 ዋት ያቃጥላል፤ ያለ ሙቀት ማስወገጃ ለእያንዳንዱ ዋት 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚሞቅ፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ከትንሽ የአሉሚኒየም ሳህን ጋር መታሰር ይኖርበታል።